ካርታ ያለው ኦና

እኛ አገር ሰው «ካርታ» ሲል ብዙ ጊዜ ተራራና ወንዝ የሚያሳየውን ሥዕል ማለቱ አይደለም። «ቤቱ ካርታ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ነው የሚፈልገው። ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ ቆርቆሮው ቢያፈስ መላ አይጠፋለትም። ካርታ ከሌለው ግን የሚኖሩበት ቤት እንኳ «ጨረቃ ቤት» ተብሎ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ፈርሶ ሣር የወረሰው ግቢ፣ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ዛሬም የእገሌ ቤት ነው።

ይህን የአነጋገር ልማድ ያዙልኝ። ላስተዋውቃችሁ ለፈለግሁት የጥበብ ዓይነት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ሰው የተዋቸውን ቤቶችና ባዶ ቦታዎች በካርታ የሚመረምሩ አርቲስቶች ተነሥተዋል። የሚሠሩት ወረቀቱ «አለ» በሚለውና እግራችን ሄዶ በሚያገኘው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። እኔ ከሥራዎቻቸው የተረዳሁትን ከወዲሁ ልናገር፦ ቤት ኦና የሚሆነው ሰው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ይመስለናል እንጂ፣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀደም ብሎ ወረቀት ላይ ኦና ተደርጓል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጀማሪ ትምህርት ከአንድ ሰው ቢጀመር ይሻላል። ጎርደን ማታ-ክላርክ በ1943 ኒው ዮርክ ተወለደ፤ አባቱ ታዋቂው የቺሊ ሠዓሊ ሮቤርቶ ማታ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ አጠና፤ ስሙ የሚነሣው ግን ሕንፃ በመቁረጥ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ በዕዳ ተዘፍቃ ነበር። በደቡብ ብሮንክስ አከራዮች ሕንፃዎቻቸውን ጥለው ይሄዱ ነበር፤ እሳት የበላቸውም ብዙ ናቸው። ማታ-ክላርክ መጋዙን ይዞ እነዚያ ኦና አፓርታማዎች ውስጥ ይገባና ከወለላቸው አራት ማዕዘን እየቆረጠ ያወጣ ነበር። ከሥር ያለው ክፍል ከላይ ይታያል፤ የተቆረጠው የወለል ቁራጭ፣ ከነምንጣፉና ከነጣውላው፣ ወደ ጋለሪ ይሄዳል።

በ1973 ግን መጋዝ የማይነካው ሥራ ጀመረ። የኒው ዮርክ ከተማ ባለቤቶቻቸው ግብር ያልከፈሉባቸውን መሬቶች በጨረታ ትሸጥ ነበር። ከሚሸጡት መካከል ማንም የማይፈልጋቸው ቁርጥራጮች ነበሩ፦ ቀያሽ ሲሳሳት በሁለት ይዞታ መካከል የቀሩ፣ መንገድ ሲሰፋ የተረፉ፣ የፕላን መስመር ሲዛወር ከወዲያም ከወዲህም ያልሆኑ። ማታ-ክላርክ እያንዳንዱን ከ25 እስከ 75 ዶላር እየከፈለ 15 ገዛ። 14ቱ ኩዊንስ፣ አንዱ ስታተን አይላንድ ነው። አንዱ በሰው መኪና መግቢያ ጎን የሚሄድ፣ ስፋቱ አንድ ጫማ የሆነ ስንጥር ነው። ሌላው አንድ ጫማ በአንድ ጫማ የሆነ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ሁለት እግሮች ከቆሙበት ሦስተኛ አይጨምርም። ዙሪያቸውን በሰው ይዞታ ታጥረው ባለቤታቸው እንኳ ሊረግጣቸው የማይችላቸውም ነበሩ። በጨረታው መግለጫ «መግቢያ የሌለው» የሚል ቃል ሲያይ ከምንም በላይ ይደሰት እንደነበር ተናግሯል። በስንዝር መሬት ወሰን ተገፋብኝ ብሎ ዳኛ ፊት የሚቆም የአገራችን ገበሬ ይህን ቢሰማ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። ቀጥሎ ግን፣ ይመስለኛል፣ ከማንኛችንም በላይ ይገባው ነበር።

ለሥራው የሰጠው ስም በእንግሊዝኛ የቤትና መሬት ሽያጭ በሚጠራበት ቃል ላይ የተሠራ ቅኔ ነው። ወደ እኛ ሲመለስ «እውነተኛ ይዞታ፣ የሐሰት ርስት» እንደ ማለት ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት ነገር ሰበሰበ፦ የባለቤትነት ሰነዱን፣ ከከተማዋ መዝገብ የተገኘውን ካርታ፣ ቦታው ላይ ሄዶ ያነሣቸውን ፎቶዎች። ረጅሙን ስንጥር በአንድ ፎቶ መያዝ አይቻልምና ብዙ ፎቶ ያነሣና እንደ መቀነት ጫፍ ለጫፍ ይቀጥላቸው ነበር።

«ታዲያ ጥበቡ የቱ ላይ ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ሳየው የሀብታም ልጅ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ካርታው ላይ ያለው ቀጭን መስመር ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ቁጥር አለው። ፎቶው ላይ ያለው የዛገ አጥር፣ አረም፣ የሰው ጋራዥ ጀርባ ነው፤ መስመሩ የትም አይታይም። ሰነዱ ደግሞ ሁለቱንም ሳያይ «ይህ የአንተ ነው» ይላል። ሦስቱም ስለ አንድ ቦታ እየተናገሩ አይተዋወቁም። ሠዓሊው ምንም አልሣለም፤ ያደረገው ሦስቱን ምስክሮች አንድ ችሎት ላይ ማቆም ነው።

ሥራው በሕይወቱ ሳለ ለእይታ አልቀረበም። ማታ-ክላርክ በ1978 በቆሽት ካንሰር ሲሞት ዕድሜው 35 ነበር። ግብር የሚከፍል ጠፋና ቁርጥራጮቹ ተመልሰው ለከተማዋ ገቡ። ሰነዶቹና ፎቶዎቹ ግን ሳጥን ውስጥ ተርፈው በ1992 በሰሌዳ ላይ ተደራጁ፤ ዛሬ ሙዚየሞች ይዘዋቸዋል። በ2005 «ካቢኔት» የተባለው መጽሔት በኩዊንስ ሙዚየም ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ሌሎች አርቲስቶች በእነዚያው ቁርጥራጮች ላይ ሐሳብ እንዲያዋጡ ተጋብዘው ነበር። እኔን የሚያስገርመኝ የግብሩ ነገር ነው። መሬቱ ወደ ጨረታ የመጣው ግብር ባለመከፈሉ ነበር፤ ከጥበቡ እጅ የወጣውም በዚያው ነው።

እዚህ ላይ አንዱን የቆረጠውን ቤት ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በ1974 ሆራስ ሶሎመንና ሆሊ ሶሎመን የሚባሉ የጥበብ ሰዎች በኒው ጀርሲ፣ እንግልዉድ በምትባል ከተማ ሊፈርስ የተወሰነበት ቤት ነበራቸው። ተከራዮቹ ወጥተዋል፤ ዕቃቸው ግን በከፊል እዚያው ቀርቷል። ማታ-ክላርክ ቤቱን ከጣራ እስከ ወለል መሐል ለመሐል በመጋዝ ሰነጠቀው። ከዚያም ግማሹን በክሪክ አንሥቶ መሠረቱን በሰያፍ ጠረበና ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ አዘነበለው። በስንጥቁ ፀሐይ ገባ፤ መኝታ ቤቱም ደረጃውም ለሁለት ተከፈለ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ፈረሰ። ሥነ ሕንፃ የተማረ ሰው ይህን ሥራ ሲያይ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ቤትን ቆርጦ ውስጡን የሚያሳይ ሥዕል ማንኛውም መሐንዲስ ይሠራል፤ ማታ-ክላርክ ያንን ሥዕል ቤቱ ራሱ ላይ ሣለው።

አሁን ከአንድ እንግልዉድ ወደ ሌላ እንግልዉድ እንሂድ። በቺካጎ ደቡብ እንግልዉድ የሚባል፣ ነዋሪዎቹ በብዛት ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑ ሰፈር አለ። አማንዳ ዊልያምስ በቺካጎ ደቡብ ያደገች አርቲስት ናት፤ እሷም ኮርኔል ሥነ ሕንፃ ተምራለች። ከ2014 እስከ 2016 በዚህ ሰፈር ሊፈርሱ የተወሰነባቸውን ስምንት ኦና ቤቶች መርጣ፣ ከዘመድ ወዳጅና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር እያንዳንዱን ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀለም ቀባች። ቀለሞቹ ከቀለም መሸጫ ካታሎግ የተወሰዱ አይደሉም። ሐምራዊው «ክራውን ሮያል» የተባለው ውስኪ የሚመጣበት ከረጢት ቀለም ነው። ሮዙ የፀጉር ቅባት ጠርሙስ ነው፤ ቀዩ የሰፈሩ ዶሮ ጥብስ ቤት። የሰፈሩ ሰው ቀለሙን ሲያይ ስሙን ከአፉ አያጣውም። ለውጭ ሰው ግን ባዶ ሜዳ መሐል የቆመ ሐምራዊ ቤት ብቻ ነው። የሥራው ርእስም ድርብ ነው፦ ሠዓሊ የሚማረው «የቀለም ንድፈ ሐሳብ» እና አሜሪካ ጥቁር ዜጎቿን ለይታ ትጠራበት የነበረው «ባለ ቀለም» የሚለው ቃል እዚያ ላይ ይገናኛሉ።

ይህ ከካርታ ጋር ምን አገናኘው? መልሱን ለማግኘት ወደ 1930ዎቹ መመለስ አለብን፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

በ1933፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ የአሜሪካ መንግሥት ሰዎች ቤታቸውን በዕዳ እንዳይነጠቁ የሚያግዝ የቤት ብድር ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ከ200 በላይ ለሆኑ ከተሞች ካርታ አሠራ። ሰፈሮች በአራት ቀለም ተለዩ፦ አረንጓዴ ምርጡ፣ ሰማያዊ ቀጣዩ፣ ቢጫ እያሽቆለቆለ ያለው፣ ቀይ «አደገኛው»። ገማቾቹ የቤቱን ዕድሜና የግድግዳውን ሁኔታ ብቻ አልመዘገቡም፤ ማን እንደሚኖርበት ጭምር ጽፈዋል። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር፣ ቤቱ የቱንም ያህል የተያዘ ቢሆን፣ ከሞላ ጎደል ቀይ ይቀባ ነበር። ቀይ የተቀባ ሰፈር ደግሞ አበዳሪ የማይደፍረው ሰፈር ነው። ብድር የሌለው ባለቤት ጣራውን አያድስም፤ ልሽጥ ቢል ገዢውም ብድር አያገኝም። የሚችለው ይሄዳል፣ የማይችለው ይቀራል፣ ቤቱ ያረጃል፣ ኋላም ከተማው «አደገኛ» ብሎ ያፈርሰዋል። ቃሉ ከካርታው ላይ ተነሥቶ በሩ ላይ እስኪለጠፍ ጥቂት አሥርት ዓመታት ፈጀበት።

ነገሩን ግን እንዳላቀለው። የታሪክ ተመራማሪዎች ካርታዎቹ ራሳቸው ምን ያህል ጥፋት እንዳደረሱ ዛሬም ይከራከራሉ። አድልዎው ቀድሞ ነበር፤ ካርታው የመዘገበው እንጂ የፈጠረው አይደለም የሚሉ አሉ። የበለጠ የጎዱት በ1934 የተቋቋመው ሌላው የመንግሥት የብድር ዋስትና መሥሪያ ቤትና የራሱ መመሪያዎች ናቸው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ለአርቲስቷ ግን ቀዩ ቀለም እንደ ማስረጃ በቂ ነበር። በ2022 መጸው ዊልያምስ በቺካጎ ዋሽንግተን ፓርክ ሰፈር፣ ቤቶች ፈርሰው ባዶ በቀሩ ቦታዎች ላይ፣ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር 100,000 ቀይ ቱሊፕ ተከለች። አበቦቹ የተተከሉት ድሮ የነበሩትን ቤቶች ቦታ ተከትለው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ ሜዳው ቀላ። መኝታ ቤት የነበረበት፣ ሳሎን የነበረበት ቦታ ከአረንጓዴው ሣር ተለይቶ በቀይ ታየ። ካርታው ከወረቀት ወርዶ መሬት ላይ በቀለ፤ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላም እንደማንኛውም አበባ ረገፈ። እኔ ከስምንቱ ቤቶች ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። የተቀባ ኦና ቤት ፎቶው ያምራል፤ ማማሩም ትንሽ ያሳስበኛል።

የሚያሳስበኝም ያለ ምክንያት አይደለም። የዲትሮይትን ፎቶዎች አይታችሁ ይሆናል፦ ጣራው የወደቀ ቲያትር ቤት፣ ዛፍ የበቀለበት ፋብሪካ፣ ፒያኖ የቀረበት ኦና ሳሎን። ዲትሮይት በ1950 1,850,000 ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ በ2010 ወደ 714,000 ወረደች። ፎቶ አንሺዎች ከየዓለሙ እየመጡ ከፍርስራሹ መልከ መልካሙን እያነሡ ሄዱ። ነዋሪዎቹም ተቆጡ፤ እውነት አላቸው። ፎቶ ከሰፈሩ አንዱን የሚያምር ፍርስራሽ መርጦ ቢያነሣ የሚጠይቀው የለም። ካርታ ግን አጠገቡ ያለውን፣ አንዲት እናት ልብስ ያሰጡበትን ቤትም ሳይቆጥር ማለፍ አይችልም።

ዲትሮይት ላይ ካርታውን የጀመሩት ሰዎች አጀማመራቸው የማታ-ክላርክን ቁርጥራጮች ያስታውሳል። ጄሪ ፓፈንዶርፍ የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር «ላቭላንድ» የሚል ነገር ፈጠረ፤ ባዶ ቦታ ይገዛና እያንዳንዷን ስኩዌር ኢንች በ1 ዶላር ይሸጣል። ገዢው በሕግ ባለቤት አይሆንም፤ የጨዋታ ባለርስት ነው። ጥበብም ጨዋታም ንግድም ነበር። ኢንቾቹን በኢንተርኔት ካርታ ላይ ለማሳየት የሠሩት መሣሪያ ግን ለከተማው ራሱ የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ። በየዓመቱ ዲትሮይት የምትገኝበት የዌይን ካውንቲ መስተዳድር ግብር ያልተከፈለባቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ከ500 ዶላር መነሻ ዋጋ ጀምሮ ለጨረታ ያቀርብ ነበር። የትኛው ቤት የት እንዳለ፣ ሰው ይኑርበት አይኑርበት በቀላሉ የሚያሳይ ካርታ አልነበረም። እነሱ ሠሩት።

ከተማዋ በ2013 መክሠሯን ካወጀች በኋላ ይኸው ቡድን ታላቅ ቆጠራ ውስጥ ገባ። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በዚያ በረዷማ ክረምት ወደ 150 የሚጠጉ ሰዎች ታብሌት ይዘው በመኪና እየዞሩ ከ370,000 በላይ ይዞታዎችን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥተው መዘገቡ። ሰው አለበት? ተቃጥሏል? ቆሻሻ ተደፍቶበታል? በግንቦት 2014 የወጣው ሪፖርት 84,641 ይዞታዎች ተበላሽተዋል ወይም የመበላሸት ምልክት አላቸው አለ፤ ከእነዚህ 40,077 ሕንፃዎች በቶሎ እንዲፈርሱ ተመከረ።

በ1 ዶላር ኢንች የጀመረው ጨዋታ ለዶዘሩ መንገድ ጠቋሚ ሆነ። ክፉ አደረጉ ለማለት አይደለም። ከተቃጠለ ቤት ጎን ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ኦናው ቢፈርስለት ደስ ይለዋል፤ ብዙዎቹም ይህንኑ ለዓመታት ሲለምኑ ነበር። ነገር ግን ካርታ ያየውን ብቻ አያሳይም፤ ቀጥሎ ምን ይደረግ ለሚለውም መልስ ያዘጋጃል። ቀይ የቀባው ገማችና ታብሌት የያዘው ቆጣሪ ሐሳባቸው የተራራቀ ነው፤ ይሁንና ሁለቱም በቤቱ በር ቆመው፣ ሳይገቡ፣ ጥቂት ምልክት አድርገው ሄደዋል።

ከዚሁ ቡድን ጋር ይሠራ የነበረው አሌክስ አልሰፕ ከ2013 ጀምሮ ሌላ፣ ቀለል ያለ ነገር አደረገ። የጉግል መኪና በየጊዜው መንገዶችን እየዞረ ያነሣቸውን ፎቶዎች ወስዶ አንድን ቤት በተለያዩ ዓመታት ጎን ለጎን አስቀመጠ። በ2009 መጋረጃ ያለው፣ አበባ የተተከለበት ቤት ነው። በ2011 መስኮቱ የለም። በ2013 ጣራው ገብቷል፤ ወይም ቤቱ ራሱ የለም፣ ሣር ነው። አንድም የሐዘን ቃል አልተጻፈበትም። ብዙ ሰው እነዚያ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ ኦና የነበሩ ይመስለው ነበር፤ ፎቶዎቹ ግን ነገሩ አራት ዓመት ብቻ እንደፈጀ አሳዩ።

ሚቺጋን ላይ ሳለን የእኛንም ሰው እናንሣ። ጁሊ ምሕረቱ በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች፤ በ1977 ቤተሰቧ አገር ለቆ ሚቺጋን፣ ኢስት ላንሲንግ ገባ። ዛሬ በዓለም ስማቸው ከሚጠራ ሠዓሊዎች አንዷ ናት፤ በ2007 የዲትሮይት የጥበብ ተቋም ሥራዎቿን «የከተማ ቦታዎች» በሚል ርእስ ለብቻ አሳይቷል። ግዙፍ ሸራዎቿ ላይ የከተማ ካርታዎች፣ የስታዲየም፣ የአየር ማረፊያና የቤተ መንግሥት ፕላኖች ተደራርበው ይሣላሉ፤ በላያቸው እንደ ነፋስና እንደ ሕዝብ የሚሮጡ የቀለም ጭረቶች ያልፋሉ። በ2009 በርሊን ላይ ያሳየቻቸው ሰባት ሥዕሎች ለዛሬው ርእሳችን ይቀርባሉ። «የበርሊን አደባባዮች» በተባለው ሥዕል የድሮ ሕንፃዎች ፊት በቀጭን መስመር አንዱ በአንዱ ላይ ተሥሎ እንደ ጥላ ይታያል። ግድግዳ የለም፤ መስመር ብቻ። በሌሎቹ ላይ የሣለችውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ መልሳ አጥፍታለች፤ የጠፋው ቦታ እንደ ጉም ይቀራል። ማታ-ክላርክ ቤቱን በመጋዝ ቆረጠ፤ ምሕረቱ የቤቱን መስመር ትፍቃለች። አንዱን ካየ በኋላ ሌላው ፊት የሚቆም ሰው ሥዕሉ «ረቂቅ ነው፣ አይገባኝም» ብሎ አያልፍም ብዬ አምናለሁ።

ይህን ጥበብ ለመሞከር መጋዝም ቱሊፕም አያስፈልግም። ልጅነታችሁን ያሳለፋችሁበት ቤት ዛሬ ፈርሶ ወይም ሰው ወጥቶበት ከሆነ፣ ኮምፒውተር ላይ «ጉግል ኧርዝ» ክፈቱና የድሮ ምስሎችን የሚያሳየውን ሰዓት ወደ ኋላ መልሱት፤ ብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ቆርቆሯቸው ይታያል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዝጉና ወረቀትና እርሳስ አንሡ። ቤቱን ከላይ እንደሚታይ አድርጋችሁ ከትዝታችሁ ሣሉት፦ መጀመሪያ የግቢውን በር፣ ቀጥሎ ምድጃው የነበረበትን፣ ከዚያ አልጋዎቹን፣ ውሃ የሚቀዳበትን፣ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የሚደቀንበትን ቦታ። ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ ባሕር ማዶም ቢሆኑ፣ የእናንተን ሳታሳዩአቸው የራሳቸውን ሥለው ይላኩ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የጓዳው በር በየት በኩል እንደነበር መጣላታችሁ አይቀርም።